እህቴ እንዳታውቅ የተከራየሁት ሰርቨር

ወንድሜ ሞጣ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖርበት ግቢ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነበረው። ተከራዩ ግን ብዙ ነው። አንዷ ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ስትሰካ የሁላችንም አምፖል ይደበዝዛል። ሌላዋ ልብስ ልታጥብ ቧንቧውን ስትከፍት ከወዲያ ያለው ክፍል ውሃ ያጣል። ወንድሜ ስለ ሰርቨር ያስተማረኝ በዚህ ግቢ ነው። አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ከቢቸና ወደ እሱ የመጣሁ ሰሞን ነበር። ከሚለው ግማሹ ነው የሚገባኝ።

መንገድ ዳር ትንሽ የኮምፒውተር ቤት ነበረችው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ሥራ ሲቀዘቅዝ በሩን ገርበብ አድርጎ ለተማሪዎች ትምህርት በድምፅ ይቀዳል። ሒሳብና ፊዚክስ። እንደ እኔ እንግሊዝኛው አንቆ ያስቀራቸው ልጆች እንዲገባቸው፣ በአማርኛ። ዌብሳይት ሠርቶ ቅጂውን እዚያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በደካማ ኔትወርክም እንዲወርድ ፋይሉን አሳንሶ። ቅጂው ውስጥ ጠመኔው ሲንኳኳ ይሰማል። አንዳንዴ መብራት ይሄድና «ቆዩኝ፣ ሻማ ላምጣ» ይላል። አይቆርጠውም፤ እንዳለ ይተወዋል። ልጆቹ ይህን ይወዱለት ነበር። እኔም። አሁን ግን እሱን ክፍል መስማት አልችልም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ እሱ፣ እኔና እህታችን። እህቴ የእሱ ታናሽ፣ የእኔ ታላቅ ናት። ወደ አረብ አገር ልትሄድ ወረቀቷ አልቆ ልትሰናበተን ከቢቸና መጥታ ነበር። ዌብሳይቱ በዚያ ሳምንት እየተንቀራፈፈ አስቸግሮናል። ፈተና ደርሶ ተማሪው በዝቷል።

«እኛ ያለንበት የጋራ ሆስቲንግ ማለት ይህ ግቢ ነው» አለን ወንድሜ። «ዌብሳይታችን የተቀመጠው ባሕር ማዶ ባለ፣ ሰርቨር በሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከእኛ ጋር ስንት ሰው ተከራይቶ እንዳለ አናውቅም። ቧንቧው አንድ ነው፤ ቆጣሪውም አንድ ነው። አንዱ ሲያበዛ ሌላው ይደበዝዛል።»

«እኛ ስናበዛስ?» አልኩት።

«እኛ ስናበዛ አከራይዋ ትመጣለች።»

አከራያችን እውነትም በዚያው ብቅ አሉ። «ስለ እኔ ነው የምታወሩት?» አሉ ወገባቸውን ይዘው። «አንተ ልጅ፣ እንግዳህ በዛ። የተማሪ መዓት ሰብስበህ ግቢዬን ትምህርት ቤት አደረግኸው። ወይ ቀንስ፣ ወይ የራስህን ቤት ፈልግ!»

እህቴ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ወንድሜ ሴትዮዋ እስኪርቁ ጠብቆ «ይኸው፣ ሆስቲንጉም በኢሜይል የሚለኝ ይህንኑ ነው» አለ።

ከዚያ ወዴት መሄድ እንዳለብን ነገረን። ቪ ፒ ኤስ የሚባል አለ። አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር እንደ ቤት በግድግዳ ከፋፍለው ያንተን ክፍል ለብቻ ይሰጡሃል። ሕንፃው የጋራ ነው፤ ቆጣሪህና ቧንቧህ ግን የራስህ ነው። የጎረቤት ምድጃ አይመለከትህም። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ባዶ ቤት ነው፤ ቁልፉን ይሰጡህና ይሄዳሉ። ቀለም መቀባቱ፣ በሩን መግጠሙ፣ ሌባ መጠበቁ ያንተ ፋንታ ነው። ሌላው ዘበኛ ያለው ነው። ድርጅቱ ሰው መድቦ ያስተካክልልሃል፣ ይጠብቅልሃል፤ የሚያስከፍለውም እጥፍ ገደማ ነው።

«ዘበኛ ያለው ይሻላላ» አለች እህቴ።

«እኔ እያለሁ?» አለ ወንድሜ፤ የተሰደበ ይመስል። «እኔ በሕይወት እያለሁ ሌላ ሰው ቤቴ ውስጥ ገብቶ ያንኳኳል? ባዶውን ነው የምወስደው። አንቺ ብቻ እዚያ ደርሰሽ ካርድ አውጪልኝ።»

ከእኛ አገር ሆኖ ለሆስቲንግ መክፈል አይቻልም ነበር። እስከዚያ ውጭ ያለ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነበር የሚከፍልለት። እህቴ ሄዳ ደመወዟ በባንክ ካርድ መግባት ሲጀምር አካውንቱን በእሷ ስም አዞርነው፤ የድርጅቱ መልእክት ግን ለሱቁ ኢሜይል ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምትከፍለው እሷ ናት። «ወንድምዓለም፣ ሠራተኛህ ልሆን ነው የመጣሁት እንዴ?» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም «ባለ አክሲዮን ነሽ» ይላታል። ፈተናው አልፎ ተማሪው ስለቀነሰ ግን ወደ ባዶው ቤት መዛወሩን ለከርሞ አቆየው።

ወንድሜ የሞተው በጳጉሜ ነው። ለአዲስ ዓመት ወደ እናታችን ወደ ቢቸና ሲሄድ፣ የተሳፈረበት የእህል መኪና ከጉንደ ወይን በታች ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። እኔ ሱቁን ዘግቼ በማግስቱ ልከተለው ነበር። ስለዚህ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

የቀብሩ ለት ሰው ገና ከድንኳን ሳይወጣ፣ የእናቴ ወንድም እኔንና እናቴን ወደ ጓዳ ጠሩን።

«ለዚያች ልጅ ማንም እንዳይነግራት» አሉ።

«እንዴት አጎቴ? ወንድሟ እኮ ነው።»

«ወንድሟ ስለሆነ ነዋ! ሰው ቤት ናት። ብቻዋን ናት። ማን ይይዛታል? ማን ውሃ ያጠጣታል? መርዶ በስልክ ሰምተው ከፎቅ የተወረወሩትን አልሰማህም? ኮንትራቷን ጨርሳ ትምጣ፤ እንደ ወጉ፣ ሰው ባለበት፣ በማለዳ ይነገራታል።»

እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። ድምፅ አልነበራትም። «አንዱን ቀብሬያለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ሁለተኛውን አታስቀብረኝ።» የተናገረችው ለእኔ ነው። ያን ካለችኝ በኋላ እሺ አልኩ።

እህቴ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ ዕረፍት ስታገኝ ትደውላለች። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ራሷን ተላጭታ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። እህቴ «ቪዲዮ ክፈቱት» ስትል ኔትወርኩ አይችልም እንላለን። ወንድሜ ዓባይ በረሃ ውስጥ የመንገድ ሥራ ድርጅት ቀጥሮታል፣ ስልክ አይሠራም አልናት። ይህን የፈጠሩት አጎቴ ናቸው። የቀረውን ግን መሸከም የእኔ ሥራ ሆነ።

ምክንያቱም እህቴ ዌብሳይቱን ትከፍታለች። የሆነ አዲስ ቅጂ ወጥቶ እንደሆነ ታያለች፤ ኩሽና ውስጥ ሰሐን እያጠበች የወንድሟን ድምፅ ትሰማለች። ፊዚክሱ አይደለም ጉዳይዋ። ወንድሜ ደግሞ ቀድቶ ያልጫናቸው ብዙ ክፍሎች በኮምፒውተሩ ላይ ትቶ ነበር። እኔ በየሳምንቱ አንድ አንድ እያወጣሁ መጫን ጀመርኩ። «እዚያ ሆኖ እየቀዳ በመኪና ይልክልኛል» አልኳት። ወንድሜን በየሳምንቱ ከመቃብር እያወጣሁ የማናግረው ይመስለኝ ነበር። ሰው ግን «ጎበዝ ልጅ፣ ለእህቱ አሰበላት» ይለኛል።

ጥር ላይ አንድ ዓርብ ደወለችልኝ።

«ሞጣ ዘነበ እንዴ?»

«ኧረ የለም። ምነው?»

«አዲሱ ቅጂ ላይ ጣሪያው ላይ ይወርዳል፤ ድምፁን ይውጠዋል።»

ያን ክፍል በክረምት ነበር የቀዳው። እኔ አልሰማሁትም ነበር፤ ሳልሰማ ነው የምጭነው። «እ... አዎ፣ እዚያ እሱ ያለበት ዘንቦ ነበር አሉ፤ ያለ ወቅቱ» አልኳት።

«በረሃ ውስጥ?»

«በረሃ ውስጥ።»

«ጉድ ነው» አለች። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራችኝ።

ግንቦት ሲደርስ ፈተናው ቀረበ። ተማሪው ከእኛ ወረዳ አልፎ ከየት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ዌብሳይቱ መጀመሪያ ተንቀራፈፈ፤ ቀጥሎ አንድ ጠዋት ጭራሽ አልከፈት አለ። ነጭ ገጽ ላይ አካውንቱ ታግዷል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ። ለሱቁ የመጣው ኢሜይል ረጅም ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። ከድርሻችሁ በላይ ተጠቅማችኋል፣ ጎረቤቶቻችሁ ተጎድተዋል፣ ወደ ሰፊ ቦታ ካልተዛወራችሁ አንከፍተውም ነው የሚለው። አከራያችን ወገባቸውን ይዘው የቆሙ መሰለኝ።

ዓርብን አልጠበቀችም፤ በማግስቱ እህቴ እናቴ ጋ ደወለች። «ዌብሳይቱ ለምን ተዘጋ? ወንድሜ አሞታል? እውነቱን ንገሩኝ» ብላ አልቅሳለች። እናቴ ዌብሳይት ምን እንደሆነ አታውቅም። ብቻ ደውላ ጮኸችብኝ። «ክፈተው! ያን ነገር ዛሬውኑ ክፈተው! ልጄ እዚያ ልታልቅብኝ ነው!»

ስለዚህ ሰርቨር የመምረጡ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ወንድሜ ቢኖር በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ነገር ነው። እኔ ግን የሆስቲንግ ድርጅቱን ገጽ ስከፍተው ቁጥርና ሳጥን ብቻ ሆነብኝ። ጎረቤታችን የሆነ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ከወሎ ተመድቦ የመጣ፣ የወንድሜ ባልንጀራ። እሱን ጠራሁት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እኔም የተማርኩት ፊዚክስ ነው እንጂ ሰርቨር አይደለም» አለ። «ግን እንየው። ተማሪው መቼ መቼ ነው የሚበዛው?»

«ግንቦትና ሰኔ። ሌላ ጊዜ ብዙም ሰው የለም።»

«እንግዲያው ትልቁን ዓመቱን ሙሉ ተሸክመህ አትኑር። ከትንሹ ጀምረህ ስትፈልግ ራሙን፣ ጉልበቱን ማለቴ ነው፣ የምትጨምርበትን፣ ኋላ የምትቀንስበትን ያዝ።» ጣቱን እስክሪኑ ላይ አስኬደ። «ይሄኛው ያለው አሜሪካ ነው፤ ያኛው አውሮፓ። አውሮፓው ለእኛ ይቀርባል፤ ቶሎ ይመልሳል። ባክአፕ ያለው መሆኑን እይ። ቢበላሽ ትናንት የነበረውን መልሰው ይሰጡሃል።»

እስከዚያ ድረስ ተግባባን። ከዚያ ሁለቱ ቀሩ፤ ባዶው ቤትና ዘበኛ ያለው።

«ባዶው ይሻላል» አለ መምህሩ። «ግማሽ በግማሽ ይረክሳል። እሱም ባዶውን ነበር የሚፈልገው።»

«እሱ እኮ ይችላል።»

«አንተስ?»

ወንድሜ መለማመጃ የጫነበትን የሱቁን ኮምፒውተር ከፍተን ሞከርነው። ባዶው ቤት ማለት ጥቁር እስክሪን ነው። ምንም የሚነካ ነገር የለውም፤ ትእዛዙን ራስህ በፊደል ትጽፋለህ። አንዷን ከሳትክ አይታዘዝም። ወንድሜ ይህን ሲጽፍ ጣቱን አያይም ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ስታገል ውዬ አንድም በር አልገጠምኩም። መምህሩም ደከመው። የወንድሜን ድምፆች ሁሉ እዚያ ውስጥ ወስጄ፣ በሩን ሳልዘጋ ባድር፣ አንዱ ገብቶ ቢያጠፋቸውስ? እህቴ ያላት የእሱ ነገር ያ ድምፅ ብቻ ነው። እኔም።

«ዘበኛ ያለውን እወስዳለሁ» አልኩ።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ሁሉ የምታደርገው እንዳትሰማ ነው?»

«አዎ።»

«እኛ ቤት ቢሆን የዚያኑ ዕለት ነበር የምትሰማው።»

«ትሞትብናለች አለች እናቴ።»

«ታዲያ አሁን እየኖረች ነው?»

ተናደድኩበት። ያላወቀ ሰው ይናገራል ብዬ በልቤ ሰደብኩት። ትክክል የሆነ ሰው ሲያናድድ ከሌላው ይብሳል።

አካውንቱ በእህቴ ስም ስለሆነ ትእዛዙን የምትሰጠው እሷ ናት። ዓርብ ስትደውል የገጹን ማስፈንጠሪያ ላክሁላትና «ሦስተኛውን ሳጥን ንኪ» አልኳት። ኩሽና ውስጥ ነበረች፤ የሰሐን ድምፅ ይሰማኛል።

«ቆይ፣ ቆይ። ሦስተኛው... ይኸ ዘበኛ ያለው አይደለም እንዴ?»

እዚያ ከሄደች ወዲህ ከአሠሪዎቿ ልጆች ጋር እንግሊዝኛ ለምዳለች። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ተሳስተህ ይሆናል። ባዶው ከላይ ያለው ነው።»

«አልተሳሳትኩም እቴቴ። ሦስተኛው ነው።»

«ማን ነው ይህን ምረጥ ያለህ?»

«እሱ ነዋ።»

«ወንድምዓለም?»

«አዎ አልኩሽ እኮ። ሐሳቡን ቀየረ። ሥራ በዝቶበት...»

የሰሐኑ ድምፅ ቆመ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«መቼ ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አንተ ልጅ። መዳም ሳሎን ናት። ብዙ ጊዜ የለኝም። መቼ ነው?»

ብዙ ውሸት ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ አጎቴ ያስጠኑኝ። አንዱም አልመጣልኝ አለ።

«በጳጉሜ» አልኳት።

ከዚያ የቧንቧ ውሃ ሲከፈት ሰማሁ። በኃይል ነው የከፈተችው። ውሃው ለረጅም ጊዜ ወረደ። ከውሃው ሥር ሌላ ድምፅ ነበር፤ ጨርቅ የተጎረሰበት አፍ ድምፅ። እኔ ሱቁ ውስጥ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሰው «ወንድም፣ አለህ?» ይለኛል። አጎቴ የፈሩት ይህን ነበር፤ ማንም ሳይይዛት፣ ማንም ውሃ ሳያጠጣት። ውሃማ ነበር፤ ድምፅ መሸፈኛ።

ውሃው ተዘጋ።

«ጥር ላይ ጠርጥሬ ነበር» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኗል። «ዝናቡን ስሰማ። ያለ ወቅቱ ዘነበ ስትለኝ አመንኩህ። ማመን ነበር የፈለግሁት። አሁን ግን... እሱ ዘበኛ ቀጥሮ?»

«እቴቴ፣ እኔ...»

«ለእማዬ እንዳትነግራት።»

«ምኑን?»

«እንዳወቅሁ። ሰው ቤት ብቻዋን እያለቀሰች ነው ብላ እህል አትቀምስም። የማላውቅ መስሏት ትኑር። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ዘበኛ ያለውን ነው ያልከኝ? ሦስተኛው?»

«ሦስተኛው።»

ጥቂት ቆይቶ በሱቁ ኢሜይል የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ገባ። ሰርቨራችሁ ዝግጁ ነው፣ ከእኛ ጋር ስለሆናችሁ ደስ ብሎናል ይላል። የተመደቡልን ሰዎች ፋይሉን ሁሉ በአንድ ቀን አዛወሩት። ዌብሳይቱ ተከፈተ። እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም። ወንድሜ ቢያየው ደስ ይለው ነበር፤ ዘበኛውን እስኪያይ ድረስ። እናቴ ደወለች። «ተከፈተ?» «ተከፈተ።» «እሰይ የኔ ልጅ። እህትህን አተረፍካት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከበፊቱ ከፋብኝ። ዓርብ ዓርብ ቢቸና ከሆንኩ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ እሰማለሁ። እናቴ «ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል፤ ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ከወዲያ እህቴ «ሰላም በይልኝ። ጋቢውን ይልበስ፤ ሌሊት በረሃም ይበርዳል» ትላለች። እናቴ ስልኩን ዘግታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። እህቴ እዚያ ቧንቧ እንደምትከፍት አውቃለሁ። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ስትል ነው። መካከል ላይ የቆምኩት እኔ ግን ለማን ብዬ እንደማለቅስ ግራ ገባኝና ተውኩት።

የቀሩትን ቅጂዎች አልጨረስኳቸውም። «ለእኔ ብለህ አትጫን» ብላኛለች። «ለልጆቹ ከሆነ ጫን።» አንዳንድ ሳምንት ጫንኩ፤ አንዳንድ ሳምንት እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ኮንትራቷ አልቆ ልትመጣ ስትል ደወለችልኝ።

«ማን ነው የሚነግረኝ?»

«የነፍስ አባታችን። አጎቴ ቤት ታድሪያለሽ፤ በማለዳ ይመጣሉ።»

«እኔ ምን ልሁን?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ልጩህ? ልውደቅ? እንዴት ነው የምሆነው? ሰው እኮ ያየኛል።»

«እንደመጣልሽ» አልኳት። ሞኝ መልስ ነው።

ከአዲስ አበባ ስትመጣ ዓባይ ድልድይ ላይ ሆና መልእክት ላከችልኝ። «ወንድምዓለም የሚሠራበትን በረሃ አየሁት» ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

በማለዳ አጎቴ ቤት ሰው ተሰበሰበ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ሁለት ሴቶች እህቴን ግራና ቀኝ ቆመው ለመያዝ ተዘጋጁ። እናቴ በር ላይ ነበረች። የነፍስ አባታችን ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ብዙ ተናገሩ። በመጨረሻም ተናገሩት። ሴቶቹ ክንዷን ጨመደዷት፤ እንዳትወድቅ።

አልወደቀችም። ቆማ ቀረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። አንድ ሁለቴ አፏን ከፍታ ለመጮህ ስትሞክር አየኋት። እምቢ አላት። ያን ጩኸት አንድ ጊዜ ከቧንቧ ሥር ጨርሳዋለች።

«ጩኺ እንጂ ልጄ፤ ይውጣልሽ» አለቻት አንዷ ሴት።

ሌላዋ ከኋላ «ምን ታድርግ፣ አረብ አገር ልቧን አድርቆባት ነው» ስትል ሰማሁ። ሹክሹክታው ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ። ሌሎቹ ሁሉ እያለቀሱ እህቴ ብቻ በደረቅ ዓይን ቆማ ነበር። የእሱ እህት።

እናቴ እሷን አየቻት። ብዙ አየቻት። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት መግለጽ አልችልም። ገብቷታል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የገባት፤ ዓርብ ዓርብ የሳቀችው ሳቅ ሁሉ ከንቱ እንደነበር ጭምር። እስከ ዛሬ ይህን ነገር አንሥታብኝ አታውቅም። ግን ጎረቤት መጥቶ ስለ ሐዘኑ ሲወራ «የኔ ልጅ አላለቀሰችም» ትላለች። ለማን እንደምትናገር አላውቅም። እህቴ ምሳ እያቀረበች ትሰማታለች።

እህቴ አሁን ሞጣ ከእኔ ጋር ሱቁ ውስጥ ትሠራለች። ቢቸና መቀመጥ አልቻለችም። አንድ ቀን ደንበኛ ሳይኖር፣ እስክሪኑን እያየች ጠየቀችኝ።

«ባዶውን ብትወስደው ኖሮ ሳላውቅ እመጣ ነበር?»

«አዎ፤ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ለምን አልወሰድከውም?»

«አልችልማ። እሱ ነው የሚችለው።»

ራሷን ነቀነቀች። «ሳላውቅ መጥቼ ቢሆን ያን ቀን እጮህ ነበር» አለች። «መሬት ላይ እንከባለል ነበር። እማዬም ደስ ይላት ነበር።»

ከዚያ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ገባና ተነሥታ ወንበር ሰጠችው።

ሰርቨሩ አሁንም አለ። አረብ አገር የቀረች የእህቴ ጓደኛ ትከፍልልናለች። ግንቦት ሲመጣ ራሙን እንጨምራለን፤ ክረምት ሲገባ እንቀንሳለን። ተማሪው ይመጣል፤ ወንድሜ «ቆዩኝ፣ ሻማ ላምጣ» ይለዋል፤ ተማሪውም ይቆየዋል። የቀጠርናቸው ዘበኞች ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ኢሜይል ይልካሉ። መዝገበ ቃላት ሳልይዝ አነበዋለሁ አሁን። ሰርቨራችሁን ፈትሸናል ይላል፤ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ከእናንተ የሚጠበቅ ምንም ነገር የለም።